የአህያ ኮከብና የጅብ ኮከብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሰማዩን እንደ ግጦሽ መሬት ተካፍለው በሚኖሩበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ ሜዳ ላይ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ዳለቻ ወደዚያ ሜዳ ከመምጣቷ በፊት የአንድ ገበሬ አህያ ነበረች፤ እህል ተሸክማለች፣ አውድማ ላይ ስትዞር ውላለች፣ ዱላም ጠግባለች። ከዕለታት አንድ ቀን ጭነቷ ከነመጫኛው መንገድ ላይ ወደቀ። ገበሬው ጭነቱን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል እሷ መንገዷን ቀጠለች፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰችም።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል። የዳለቻ ባል እንኳን እሷን ራሱንም አላስጣለም። አያ ጅቦ አንድ ምሽት ምንጩ ዳር አገኘውና ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳለቻ ውሃ ስትጠጣ አንድ ጆሮዋ ወደ ፊት፣ አንድ ጆሮዋ ወደ ኋላ ነው።

ምንጩ በሜዳው ላይ አንድ ብቻ ነበር። ከትልቅ ሾላ ሥር ይፈልቃል። በክረምት ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ በበጋ ግን ከእሱ ሌላ ጠብታ አይገኝም። ስለዚህ በጋው ሲከር አህያና ጅብ ተካሰሱ፤ ዳኛው አንበሳም ሾላው ሥር ችሎት ተቀመጠ።

«ቀኑ የአህያ፣ ሌሊቱ የጅብ ይሁን» ብሎ ፈረደ።

ፍርዱ ቀላል ነበር፤ አያ ጅቦ ግን ቀላል አልነበረም። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ «መሽቷል» ይላል። ማለዳ ወፍ ተንጫጭቶ ካበቃ በኋላም «ገና አልነጋም» ይላል። በሦስት ቀን ውስጥ ዳለቻን ሁለት ጊዜ አባረራትና እንደገና ችሎት ቀረቡ።

«እንግዲያው ሁላችሁም የምታዩት ምልክት ይኑር» አለ አንበሳ።

ምልክት አልጠፋም። ማለዳ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት፣ በምሥራቁ ኮረብታ ላይ አንዲት ትልቅ ነጭ ኮከብ ትወጣ ነበር። አህያ በእሷ ብርሃን ስለምትነሣ እንስሳቱ የአህያ ኮከብ ይሏታል። በሌላ ወራት ደግሞ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራቡ ገደል አናት ላይ አንዲት ትልቅ ነጭ ኮከብ ትታያለች። ጅብ እሷን አይቶ ከጉድጓዱ ስለሚወጣ ያቺን የጅብ ኮከብ ይሏታል። ሁለቱም ያምራሉ። ሌሎቹ ከዋክብት ዓይናቸውን ሲያርገበግቡ እነሱ አይጠቅሱም፤ ትክ ብለው ያያሉ።

ሕጉም እንዲህ ሆነ፦ «የአህያ ኮከብ በምሥራቅ የወጣች እንደሆነ፣ ከዚያ ጀምሮ ምንጩም መንገዱም የአህያ ነው። የጅብ ኮከብ በምዕራብ የታየች እንደሆነ፣ ከዚያ ጀምሮ ምንጩም መንገዱም የጅብ ነው።» በዚያ ሰሞን የጅብ ኮከብ አትታይም ነበር። «ትመጣለች» አለ አያ ጅቦ፤ ማንም አልተከራከረውም።

ችሎቱ ሊነሣ ሲል ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀበሮ በዚያ አገር ነገረ ፈጅ ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ ይሟገታል፣ ለሚከፍለው ደግሞ አብልጦ ይሟገታል። በዚያን ቀን የቆመው ለአያ ጅቦ ነበር።

«ጌታዬ፣ አንዲት ቃል ትጨመር» አለ። «ኮከቡ የሞተችበት፣ መብቱም አብሮ ይሙት።»

«ኮከብ ደግሞ ይሞታል እንዴ?» አለ አንበሳ። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ፤ እየሳቁም ቃሏን ጨመሯት። ያልሳቀው ቀበሮ ብቻ ነበር።

ያ በጋ ለዳለቻ መልካም ሆነ። በየማለዳው ኮከቧን አይታ ትነሣለች፣ እስክትጠግብ ትጠጣለች፣ ውሃው ውስጥ ጆሮዋን አይታ ትመለሳለች። መጋቢት ላይ ግን ኮከቧ በየማለዳው ዝቅ ዝቅ ማለት ጀመረች። ዛሬ ከትናንት ዘግይታ ትወጣለች፣ ነገ ከዛሬ ይበልጥ ወደ ፀሐይ ትጠጋለች። አንድ ማለዳ ዳለቻ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ፀሐይ ብቻዋን ወጣች። ደነገጠች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ደግነቱ የበልግ ዝናብ ጣለ፤ በየጉድጓዱ ውሃ ቆመና ምንጩን የሚያስታውስ ጠፋ። ግንቦት አጋማሽ ላይ የጅብ ኮከብ በምዕራብ ብቅ አለች፤ ወዲያው ክረምት ገባ፤ ደመናው ሰማዩን ሸፈነው፣ ነገሩም ከደመናው በታች ተኛ።

ጅብና ቀበሮ ግን አልተኙም። ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ደርቆ ውሃ ወደ አንዱ ምንጭ ሲሰበሰብ ክስ አቀረቡ። ችሎቱ የዋለው አመሻሽ ላይ ነበር፤ ያንን ጊዜ የመረጠውም ቀበሮ ነው።

«ጌታዬ» አለ ቀበሮ፣ በአፍንጫው ወደ ምዕራብ እያመለከተ። «የወገኔ ኮከብ ያቻትና በገደሉ አናት ላይ፤ እንደዛሬ ደምቃም አታውቅ። የእመት ዳለቻ ኮከብስ የታለች? ከመጋቢት ወዲህ ያያት ካለ ይቁም።»

ማንም አልቆመም።

«ሞታለች» አለ አያ ጅቦ። ምራቁን ዋጥ አደረገ። «እኔም አዝኛለሁ።»

ዳለቻ ግን ወደ ፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ ያን ጊዜ ሕጉ ሲወጣ የአያ ጅቦ ኮከብ አልነበረችም። ‹ትመጣለች› አለን፤ አመንነው። ሞተች ያለው የለም።»

«መንገድ ላይ ነበረቻ» አለ ቀበሮ።

«የኔስ መንገድ ላይ ብትሆን?»

«ዘጠኝ ወር ሙሉ? ወዴት ነው የምትሄደው፣ እመት ዳለቻ? ሆድ ያለው ቢሆን እስካሁን ርቦት ይመለስ ነበር።»

አንበሳ ጎፈሬውን አከከ። «‹ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ› ሲባል ሰምቼ ነበር። እናንተ ሰማዩን አርሳችሁት ልትመጡ ነው» አለ። ቆይቶም ፈረደ። «ዳለቻ፣ ሁለት ጨረቃ ሰጥቼሻለሁ። ሁለተኛዋ ጨረቃ ሞልታ በምዕራብ ስትጠልቅ፣ ያንቺ ኮከብ በምሥራቅ ካልታየች ምንጩ የእሱ ነው፤ አንቺም ሌላ አገር ፈልጊ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት።»

ሌላ አገር ማለት ወይ የአራት ቀን በረሃ ነው፤ ወይ ደግሞ የገበሬው ዱላ ነው። ዳለቻ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። አያ ጅቦ ከኋላዋ ሆኖ ዳሌዋን ያይ ጀመር፤ በረሃውን ከመሻገሯ በፊት መንገዱ ላይ እንደሚቀበላት ልቡ ነግሮታል። ለቀበሮም አንዱን የኋላ እግር ቃል ገብቶለታል።

በማግሥቱ ዳለቻ ወደ እማማ ኤሊ ሄደች። እማማ ኤሊ በአገሩ ላይ ያልኖረችበት ዘመን የለም ይባላል። ሣር እያኘከች አገኘቻት፤ ሰላምታ ተለዋውጠው እስኪጨርሱ ፀሐይ ከፍ አለች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የኔንና የጅቡን ኮከብ በአንድ ሰሞን አብረው አይተዋቸው ያውቃሉ?»

እማማ ኤሊ ያፏን ሣር ውጣ አሰበች። «አላውቅም ልጄ። አንዷ ስትመጣ ሌላዋ የለችም። ጣውንቶች ናቸው ይላል ያገሩ ሰው።»

«ጣውንትማ ቢያንስ ገበያ ላይ ትገናኛለች» አለች ዳለቻ።

«እሱስ እውነትሽን ነው።» አሮጊቷ እንደገና አኘከች። «የማውቀውን ልንገርሽ። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ልክ በዚህ ሰሞን፣ የጅቡ ኮከብ እዚያው ገደል ላይ ነበረች። ጥር ሲያልቅ እየወረደች እየወረደች ሄዳ ጠፋች። ስምንት ቀን ያህል ቆይቶ ያንቺዋ ወጣች። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመትም እንደዚሁ፣ ከዚያም በፊት። ያስተዋለ የለም። እኔ ቀስ ብዬ ስለምሄድ ነው ያየሁት፤ የሚሮጥ የሚያየው እግሩን ነው።»

ዳለቻ እየተመለሰች ሳለ መንገዱ መሐል ቆመች። አውድማው ትዝ አላት። ገበሬው ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ያያታል፤ መሐሉ ላይ ነዶ ተከምሯል፤ እሷ ክምሩን ትዞራለች። ገበሬው አንዴ በክምሩ ቀኝ ያያታል፣ አንዴ በግራ ያያታል። በቀኝ ሲያያትም በግራ ሲያያትም ያቺው አንዷ አህያ ናት። ሁለት አህያ ያለው ሰው ቢሆንማ ዱላውን ያካፍለው ነበር። ከክምሩ ኋላ፣ ከገበሬው ርቃ በወዲያኛው በኩል ስትሄድ ቶሎ አትገለጥም፤ ከክምሩ ፊት፣ በገበሬው አፍንጫ ሥር ስትሆን ግን እልፍ ለማለት ጊዜ አይፈጅባትም። መጋቢት ላይ ኮከቧ ጠፍታ ብዙ ቆየች። እማማ ኤሊ ያየችው መጥፋት ደግሞ አጭር ነው።

«ክምሩ ፀሐይ ነው» አለች ለራሷ። «ከኋላውም የሄደ ከፊቱም የቆመ በብርሃኑ ይሰወራል። ኮከቢቱም አንድ ናት፤ ትዞራለች።» ደስታዋ ሲበዛ አናፋች። ሁለት ቆቅ ከሣሩ ውስጥ ደንግጠው ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ ዳለቻ አመሻሽ ላይ ከቁጥቋጦዋ ጥግ ቆማ የጅብን ኮከብ መጠበቅ ያዘች። አያ ጅቦ ኮከቡን አንዴ አይቶ ወደ ሆዱ ጉዳይ ይሄዳል፤ እሷ ግን እስክትጠልቅ ታያታለች። ጥር እየገፋ ሲሄድ ኮከቢቱ እንደ እማማ ኤሊ ቃል ትወርድ ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ ዳለቻ በጠላቷ ኮከብ መውረድ ደስ አላት፤ ቀጥሎ ግን አፈረች፤ የራሷም ናታ።

የጥር ወር ባለቀ በሁለተኛው ምሽት ምዕራብ ባዶ ሆነ። ዳለቻ በነጋታው ወደ አንበሳ ሄደች።

«ጌታዬ፣ የአያ ጅቦ ኮከብ ጠፍታለች። አልሞተችም። ስምንት ወይም ዘጠኝ ማለዳ ቢታገሡኝ በምሥራቅ ትወጣለች፤ ሁለቱ አንድ ናቸው።»

አንበሳ ቀኑን ቆጠረ። «ዘጠነኛው ማለዳ ጨረቃዋ ሞልታ የምትጠልቅበት ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አልጨምርልሽም። ባትወጣስ?»

«‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል› ይባላል፣ ጌታዬ። ባትወጣ እኔ እወጣለሁ።»

ወሬው ወዲያው ተሰማ። አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ቀበሮ ግን እንደ ልማዱ አልሳቀም። ጅቡን ለብቻው ጠርቶ መከረው።

«አያ ጅቦ፣ ኮከብ ብትወጣም ባትወጣም አንድ ነገር ብቻ አደራ። አፍህን ዝጋ። ብትወጣ ‹ይህች እንግዳ ኮከብ ናት፣ የአህያዋ አይደለችም› ብዬ እከራከራለሁ። ማንም ፊቷን አውቃለሁ የሚል ስለሌለ እረታለሁ። አንተ ዝም።»

«ዝም» አለ አያ ጅቦ። ቀበሮ ሦስት ጊዜ አስደገመው።

ስድስት ማለዳ አለፈ፤ ምሥራቅ ባዶ። ሰባተኛውም እንዲሁ። በስምንተኛው ማለዳ ኮረብታውን ጭጋግ ሸፈነው። የዚያን ቀን ዳለቻ ውሃ ስትጠጣ ቀስ ብላ ጠጣች፤ ምናልባት የመጨረሻዋ ይሆናል ብላ። ሾላውን በአፍንጫዋ ነካችው። ባሏ የሞተበትን ቦታም ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ አገር መሄድ እሱን ለሁለተኛ ጊዜ መተው መሰላት።

ዘጠነኛው ማለዳ ገና ሳይነጋ እንስሳቱ ሁሉ ምንጩ ዳር ተሰበሰቡ። በምዕራብ ሙሉዋ ጨረቃ ገደሉ አናት ላይ ደርሳለች። በታችኛው ጫፏ ገደሉን ስትነካ አያ ጅቦ ምላሱን አወጣ። ሩቧ ገባ። ዳለቻ ዓይኗን ከምሥራቅ አላነሣችም፤ ኮረብታው ጥርት ብሏል፣ ሰማዩም ወገግ ማለት ጀምሯል፤ ኮከብ ግን የለም። ግማሿ ጨረቃ ገባች።

«እመት ዳለቻ» አለ ቀበሮ በለሆሳስ፣ «ሁሉንም በክብር መጨረስ ይሻላል።»

ያኔ ከኮረብታው ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ወጣች። መጀመሪያ የጤዛ ጠብታ መሰለች። ከዚያ ከፍ አለች፤ ደመቀች፤ አልጠቀሰችም። ትክ ብላ አየቻቸው።

ዳለቻ አለቀሰች። አህያ ታለቅሳለች ወይ የሚል ካለ፣ በዚያን ማለዳ አልቅሳለች።

ቀበሮ ግን ተዘጋጅቶ ነበርና ቀደመ። «ጌታዬ፣ ኮከብ መውጣቷን አልክድም። ነገር ግን የዳለቻ ኮከብ መሆኗ በምን ታወቀ? ያቺ ሞታለች። ይህች እንግዳ ናት፤ ፊቷን የሚያውቅ ምስክር የላትም።»

አንበሳ ወደ ዳለቻ ዞረ። «ምስክር አለሽ?»

ዳለቻ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። አያ ጅቦን አየችው፤ እሱም ኮከቧን ያይ ነበር፤ ዓይኑ ሥጋ እንዳየ ተንቀልቅሏል። ያን ዓይን ታውቀዋለች።

«ጌታዬ፣ እኔ የኔ ናት ብል የወገን ምስክር ነኝ» አለች። «ቀበሮ እንዳለው እንግዳ ትሁን። ባለቤት የሌለው ነገር ባገራችን ልማድ ለዳኛው ነው። እንግዲህ ይህችን የመሰለች ትልቅ ኮከብ፣ ሲሳይ ናት፣ እርስዎ ይውሰዷት። ከሰማይ ሁሉ የምትበልጠውን።»

አያ ጅቦ አንድ እግሩን አነሣ። መልሶ ጣለው። ቀበሮ ዓይኑን አፍጥጦበት ነበር፤ ግን ሆድ ዓይን የለውም።

«ለምን ይወስዷታል?» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «የኔ ናት። ፊቷን አውቃታለሁ። ስምንት ወር ሙሉ በየምሽቱ ያየኋት እኮ ነኝ። በጥርሴ እምላለሁ፣ እሷው ናት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቀበሮ ጅራቱን ዓይኑ ላይ አደረገ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለ አንበሳ።

«እንኳን እኔ፣ ዓይነ ስውር አይስታትም። ነጭነቷ፣ ትልቅነቷ፣ ደግሞ አትጠቅስም።»

«መልካም። እንግዲህ የማታዋ ኮከብ በማለዳ ወጣች። በማለዳ የምትወጣ ትልቅ ኮከብ የማን ናት ይላል ሕጉ?»

አያ ጅቦ አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ አየ።

«ሌላም ልጠይቅህ» አለ አንበሳ፤ አሁን ነገሩ ደስ እያለው ሄዷል። «በምዕራብ ያንተ ኮከብ ዘጠኝ ቀን አልታየችም። ሞታ ከሆነ ቀበሮ ያስጨመራት ቃል መብትህን ገድላዋለች። አልሞተችም ካልክ የዳለቻም አልሞተችም ነበር። አንዱን ምረጥ።»

አያ ጅቦ ዞር ብሎ ቀበሮን ፈለገ። ቀበሮ ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ነበር። «ወገኔ ራሱን ችሎ ይናገር» አለ፤ «እኔ አፉን ዝጋ ብዬዋለሁ።»

ጅቡ ብዙ አሰበ፤ ማሰብ ለእሱ ትልቅ ሥራ ነው። በመጨረሻም «አልሞተችም» አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ፍርዱ እንግዲህ የዳለቻ ነው» አለ አንበሳ። «ኮከቧ አንድ ከሆነች ማታም ማለዳም ያንቺ ናት። ምንጩን በሙሉ ልስጥሽ?»

እንስሳቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ዳለቻ ባሏን አሰበች፤ ልቧ «አዎ በይ» አላት። ሆኖም አህያ ሸክም ማመዛዘን ታውቃለች።

«የለም፣ ጌታዬ» አለች። «ውሃ የጠማው ጅብ ምንጭ ካጣ ቤቴ ነው የሚመጣው። ሌሊቱ ይሁንለት። ከወገግታ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ግን ምንጩም መንገዱም የኔ ይሁን፤ ኮከቢቱ ብትታይም ባትታይም። ያቺ የቀበሮ ቃልም ትሰረዝ። ኮከቢቱ ስትሰወር ሥራ ላይ ናት፣ አትታማ።»

እንደተባለው ሆነ። በዚያው ማለዳ ዳለቻ ሁሉም እያያት ወደ ምንጩ ወረደችና ጠጣች። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ ፊት ነበሩ። ቀበሮ የተሰጠውን ቃል ለማስታወስ ወደ አያ ጅቦ ሄዶ «የኋላ እግሬስ?» ቢለው፣ ጅቡ የቀበሮን የራሱን እግር እያየ ዝም አለ። አሁን ዝም ማለትን ለምዷል። ቀበሮም እግሩ አብሮት ሳለ ሄደ።

የሰው ልጆች ይህችን ኮከብ በማለዳ ሲያይዋት የአጥቢያ ኮከብ ይሏታል፤ የተማሩት ደግሞ ቬነስ ይሏታል፣ ኮከብ ሳትሆን እንደ ምድራችን ፀሐይን የምትዞር ሌላ ዓለም ናት ይላሉ። ዳለቻ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ኮከቢቱ በምሥራቅ ስትወጣ «እንደምን አደርሽ» ትላታለች፤ በምዕራብ ስትታይ «እንደምን አመሸሽ» ትላታለች፤ ጨርሳ በጠፋችበት ሰሞን ደግሞ «ከክምሩ ኋላ ነሽ፣ አውቃለሁ» ብላ ውሃዋን ትጠጣለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ያየውን የማይረሳ ሰው ያላየውንም እንደሚያውቅ፣ ስስታም ግን ሁሉን የኔ ነው ሲል በገዛ አፉ የያዘውንም እንደሚያጣ ነው።